ገደቢሱ የጎደሬ ጆንያ

ባለፈው ሳምንት ከገበያ ስመለስ የተሳፈርኩባት ባጃጅ ቦንጋ መናኸሪያ አጠገብ ቆማ አንዲት ተማሪ ጫነች። ልጅቷ ከመቀመጧ ባጃጇ ጸጥ አለች። ሹፌሩ ቁልፉን ቢያዞር፣ ደግሞ ቢያዞር እምቢ አለው። ዞር ብሎ ልጅቷን አያትና እየሳቀ፣ «አንቺ ገደቢስ ነሽ እንዴ?» አላት። እሷም ሳቀች፤ ግን አንገቷን ደፋች።

ያቺን ቃል ስሰማ ዛሬም ደሜ ይፈላል። «ወንበሩን አንሳው» አልኩት።

«ምን አሉኝ እትዬ?»

«ወንበሩን አንስተህ ሽቦውን እይ አልኩህ።» ሴትዮዋን ምን ነካት ሳይል አልቀረም።

ነገሩ ወዲህ ነው። ወጣት ሳለሁ ንብ እርባታ ተምሬ እዚሁ ቦንጋ አንድ መሥሪያ ቤት ተቀጠርኩ። ገና የሙከራ ጊዜዬን አልጨረስኩም። የመጀመሪያው የመስክ ሥራዬ ሺሺንዳ አካባቢ ካሉ ገበሬዎች ዘንድ ነበር፤ የሚወስዱኝም የመሥሪያ ቤቱን ሞተር ሳይክል የሚነዱት ጋሽ ኃይሉ ናቸው። ጋሽ ኃይሉ ረጋ ያሉ፣ ቀልድ የሚወዱ፣ ሞተሩን ግን ከልጆቻቸው እኩል የሚሳሱለት ሰው ነበሩ።

ክረምቱ ወጥቷል ይባላል፤ እኛ አገር ዝናቡ መች ጠፍቶ ያውቃል። ጭጋጉ ከጫካው ሳይነሳ ጉዞ ጀመርን። መንገዱ ቀይ ጭቃ ነው፤ ከግራ ከቀኝ የረጠበ ቅጠል ይሸታል። ጉያዬ ውስጥ እናቴ በኮባ ቅጠል የጠቀለለችልኝ ቆጮ አለ፤ ገና ትኩስ ስለሆነ ሆዴን ያሞቀኛል። ሠራተኛ መሆኔን ላየሁት ሰው ሁሉ ብናገር ደስ ባለኝ ነበር።

ከከተማው ብዙም ሳንርቅ ጉድጓድ ውስጥ ገብተን ነጠርንና ሞተሩ ጠፋ። ወረድን። ጋሽ ኃይሉ ካንዴላውን ፈትተው፣ ጠራርገው መለሱና ሲረግጡት ባንዴ ተነሳ። ወጣሁ። ጠፋ። ወርጄ ቆምኩ፤ ባትሪውን ነካክተው ቢረግጡት ተነሳ። ወጣሁ። ጠፋ። ብቻቸውን እስከ መታጠፊያው ነድተው ተመለሱ፤ ሞተሩ ምንም አላለም።

«ብዙነሽ» አሉኝ፤ ቀልዱ ከፊታቸው ጠፍቷል። «እንዲያው ገደቢስ ነገር ነሽ እንዴ፣ ልጄ? በቃ አንቺ ተመለሺ፤ እኔ ብቻዬን ልሂድ። ለኃላፊው እነግረዋለሁ።»

ምን ብለው እንደሚነግሩት ታወቀኝ። እኔ ቢሮ ሳልደርስ ወሬው እንደሚቀድመኝ፣ ከዚያ ወዲያ ከኔ ጋር መስክ የሚወጣ ሰው እንደማይገኝም ታወቀኝ። ቃሉ ደግሞ አዲስ አልነበረም። አባቴ እኔ በተወለድኩ በሳምንቴ ነው የሞተው። አክስቶቼ ፊት ለፊት ባይሉኝም በር ላይ ሆኜ እሰማቸው ነበር፤ ሰርግ ሲኖር ሙሽራዋ ፊት እንዳልቆም በዘዴ ወደ ጓዳ ይልኩኛል። ተምሬ ሥራ ስይዝ የተገላገልኩ መስሎኝ ነበር። እዚያ ጭቃ ላይ ቆሜ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እኔም አመንኩ። እንባዬ መጣ። ግን እንባዬ ሳይወርድ አንድ ጥያቄ ቀደመኝ፦ ለመሆኑ ሞተሩ የተቀመጥኩት እኔ መሆኔን በምን አወቀ?

መንገድ ዳር አንዲት እናት የጎደሬ ጆንያቸውን አጠገባቸው አድርገው መኪና ይጠብቃሉ። ትርኢታችንን ከመጀመሪያው ሲያዩ ነበር።

«እማማ፣ ጆንያዎን አንዴ ያውሱኝ» አልኳቸው።

«ምን ልትሠሪ ነው?» አሉ ጋሽ ኃይሉ።

«እኔ በነበርኩበት እናስቀምጠው። ካልጠፋ እመለሳለሁ።»

መቼም ጋሽ ኃይሉ ሰው ወዳድ ናቸው፣ ሞተሩን አስነሱት። እኔና ሴትዮዋ ጆንያውን ተጋግዘን ኋላ ወንበሩ ላይ አሳረፍነው። ጠፋ። አነሳነው፤ ሲረግጡት ተነሳ። መልሰን አስቀመጥነው። ጠፋ።

ሴትዮዋ አማርኛቸውን ጎተት እያደረጉ፣ «እንግዲህ ጎደሬዬንም ገደቢስ ልትሉት ነው?» አሉ። ጋሽ ኃይሉን ሳቅ አፈናቸው።

ወንበሩን ፈታነው። ከሥሩ አንድ ቀጭን ሽቦ አገኘን፤ ላስቲኩ ተፍቆ መዳቡ ያብለጨልጫል። በቅርቡ ጋራዥ ገብቶ ወንበሩ ተፈትቶ ሲታሰር ሽቦው ወንበሩ ሥር ተይዞ ቀርቶ ኖሯል። «ይሄ የማጥፊያው ሽቦ ነው» አሉ ጋሽ ኃይሉ። «ብረት ሲነካ ሞተሩ ጥፋ የተባለ ይመስለዋል።» ኋላ የተቀመጠ ሁሉ፣ ሰውም ይሁን ጎደሬ፣ ሽቦውን ብረቱ ላይ ይጫነዋል። እሳቸው ከፊት ስለሚቀመጡ አይደርሱበትም። በቃ፣ ሌላ ምንም የለም።

በናስትሮ ጠቀለሉት። ወንበሩን መልሰው አሰሩና አስነሱት፤ እኔም ኋላ ወጥቼ ተቀመጥኩ። ሞተሩ ዱግ ዱግ ማለቱን ቀጠለ። ጋሽ ኃይሉ ዞር ሳይሉ፣ «ይቅር በይኝ፣ ልጄ» አሉ። ቆጮውን ከሴትዮዋ ጋር ተካፍለን በላንና ሺሺንዳ ሄድን።

ቤት ስመለስ ለእናቴ ሁሉንም ነገርኳት። በጎደሬው ስትስቅ ቆየች። «አባትሽ እኮ ከቆላ ሲመለስ ወባ ይዞት ነበር» አለች። «አንቺ ሳትወለጂ ነው የተኛው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«መች ጠየቅሽኝ? እኔማ የምታውቂ መስሎኝ።»

እውነቷን ነው፣ ጠይቄያት አላውቅም። መልሱን የማውቀው መስሎኝ ነበር።

የባጃጁ ሹፌር እየተነጫነጨ ወንበሩን አነሳ። ሽቦዎቹ ደህና ናቸው፤ እኔም ትንሽ አፈርኩ። ከዚያ የታንኩን ክዳን ከፍቶ ባጃጇን ቢወዘውዛት ድምፅ የላትም። «ገደቢሱ አንተ ነህ» ልለው ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት። ልጅቷ ወርዳ፣ ጎንበስ ብላ፣ በስልኳ መብራት ታንኩን ራሷ አየችው።

«ቤንዚን የለህም» አለችው።

እኔ የሞተሩን ወንበር አንስቼ ለማየት ዕድሜዬ ሃያ እስኪያልፍ ቆየሁ። እሷ ከመናኸሪያው እንኳ አልራቀችም።