ለአባቴ የገዛሁት የጭነት መኪና

በሕይወቴ አንድም ቀን የኮምፒውተር ጌም ተጫውቼ አላውቅም፤ ዛሬም ቢሆን አልጫወትም። በዚያ ዓመት ግን ቆቦ ውስጥ ስለ ጌም ላፕቶፕ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ቢኖር የኮምፒውተር ጠጋኙ ብቻ ነበር። ሠላሳ ዓመት ያለፋት ሴት፣ በዚያ ላይ የአራተኛ ክፍል አስተማሪ፣ ሱቅ ለሱቅ እየዞረች «የራሱ ግራፊክስ ካርድ አለው?» ብላ ስትጠይቅ የሰማ ሁሉ ይስቅ ነበር። ይሳቅ። እኔ ጌም አልነበረም የምፈልገው፤ አባቴን ነበር የምፈልገው።

አባቴ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው የጭነት መኪና የነዳ ሾፌር ነው። ከኮምቦልቻ መቀሌ፣ ከመቀሌ ኮምቦልቻ። ቤታችን አስፋልቱ ዳር ስለሆነ፣ ከደቡብ ሲመጣ ሮቢትን አልፎ ከተማው መግቢያ ላይ ሲደርስ ክላክሱን ሁለቴ አጠር፣ አንዴ ረዘም ያደርገዋል። እናቴ ያንን ስትሰማ የያዘችውን ትታ፣ ውኃና ማስታጠቢያ ይዛ በር ላይ ትቆማለች። አባቴ እጁን ሳይታጠብ ስለ መንገዱ አንድ ቃል አይተነፍስም፤ ከታጠበ በኋላ ደግሞ የሚያስቆመው የለም። የትኛው ድልድይ እንደተሰበረ፣ የማን መኪና እንደተገለበጠ፣ ዋጃ ላይ ምን ያህል ግመል መንገድ ዘግቶ እንዳቆየው፣ ሁሉንም ይዘረግፈዋል። እኔ ራያን ያወቅኩት በእግሬ ሳይሆን በእሱ አፍ ነው።

ከዚያ ስኳር ግራ እግሩን ወሰደበት። ደሴ ሄዶ ተቆርጦ መጣ። ግራው ፍሪሲዮን የሚረግጥበት እግሩ ነበር። ፍሪሲዮን ካልተረገጠ ማርሽ አይገባም፤ ሾፌርነቱ በዚያው አለቀ። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ከበራችን ፊት ለፊት፣ ከኒም ዛፏ ሥር ያለችው አግዳሚ ላይ ጀርባውን ለአስፋልቱ ሰጥቶ ይቀመጥ ጀመር። ልብ በሉ፣ ጀርባውን! ስንጠይቀው «እህ» ይላል። ስንለምነው «እህ» ይላል። እንዲህ ሆኖ ሁለት ዓመት ሄደ። አንድ ቀን እናቴ ልብስ እያጠበች፣ ቀና ሳትል፣ «እኔ እኮ እግሩን ብቻ የቆረጡት መስሎኝ ነበር» አለችኝ። ያን ቀን ተናድጄ ዋልኩ። በማን እንደተናደድኩ አላውቅም፤ ብቻ ተናድጄ ነበር።

የማስተምረው ጎብዬ ነው። በአንድ የእረፍት ሰዓት የኮምፒውተር አስተማሪያችን ላፕቶፑ ላይ ተደፍቶ አገኘሁትና ከኋላው ቆሜ አየሁ። ጌም ላይ ተሳቢ ይነዳል። ዝናብ ይዘንባል፣ መጥረጊያው ወዲያ ወዲህ ይላል፣ በስፖኪዮው ውስጥ ተሳቢው ኩርባውን ተከትሎ ቀስ ብሎ ሲታጠፍ ይታያል። ልክ አባቴ ጎን፣ ረዳቱ ቦታ ላይ የተቀመጥኩ መሰለኝ።

«ፍሪሲዮኑስ?» አልኩት።

«የለውም ቲቸር፣ ማርሹን ራሱ ነው የሚቀይረው» አለኝ።

በዚያው ቀን ፈተና የምንጽፍበት ላፕቶፕ ላይ እንዲጭንልኝ ለመንኩት። ጫነው። መኪናው ትንሽ ይሄድና ይደርቃል፣ ትንሽ ይሄድና ይደርቃል። «ይህ ለጽሑፍ ነው» አለኝ እየሳቀ፣ «ጌም የራሱ ግራፊክስ ካርድ ያለው፣ ትንፋሽ ያለው ማሽን ይፈልጋል። ውድ ነው ቲቸር፣ ይቅርብሽ።»

ይቅርብሽ ሲሉኝ አልወድም። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ዓይነት ረከስ እንደሚል ነግረውኝ ነበር፤ ነገር ግን አባቴ ከኒሟ ሥር አይነሳም፣ መብራት ደግሞ ሲፈልግ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ባትሪ ያለው፣ ተሸክሜ ዛፉ ሥር የማደርስለት መሆን ነበረበት። በእጄ ያለው የእቁብ ዕጣዬ ብቻ ነው፤ እሱም እናቴ ልብ ውስጥ ሶፋ ሆኖ ከተቀመጠ ቆይቷል።

ወልዲያ ሄጄ አዲስ ጠየቅኩ። ባለሱቁ ዋጋውን ሲነግረኝ «ከነሱቁ ነው?» ብዬው ወጣሁ። አላማጣ ደግሞ አንዱ ነጋዴ ተራ የቢሮ ላፕቶፕ ላይ የእሳት ነበልባል ስቲከር ለጥፎ «ለጌም የተሠራ ነው» ሊለኝ ሞከረ። የተማርኩትን ሁሉ አከታትዬ ስጠይቀው ስቲከሩን በመዳፉ ሸፈነው። አውቶቡስ ውስጥ ላቤ እየተንጠፈጠፈ፣ ብቻዬን እየሳቅኩ ቆቦ ተመለስኩ።

በመጨረሻ አቅሜ የሚችላቸው ሁለት ያገለገሉ ላፕቶፖች ተገኙ፤ ሁለቱም እዚያው አፍንጫዬ ሥር ነበሩ። አንደኛዋን ይዛ የመጣችው ከጅዳ የተመለሰች የቀድሞ ተማሪዬ ናት። ቀጭን፣ የምታብረቀርቅ፣ ቁልፎቿ ሥር ቀይ መብራት የሚበራ። ሁለተኛዋ የጠጋኙ የራሱ ነበረች። ወፍራም፣ ክዳኗ ጥግ ላይ የተሰነጠቀ፣ አንድ ቁልፍ የጎደላት፣ ስትነሳ እንደ ወፍጮ የምትጮህ። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። እውነቱን ልናገርና እኔ ልቤ ቀይዋ ላይ ወድቆ ነበር። ለአባቴ አሮጌ ነገር ማምጣት አልፈለግኩም፤ አሮጌ ነገር ሲበዛበት ነው ያየሁት።

ጠጋኙ ግን ራሱን ነቀነቀ። «ወላሂ ቲቸር፣ የራሴን ልሽጥ ብዬ አይደለም» አለኝ። «ጧት ጧት ሁሉም ደህና ይሠራል። የቆቦ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ነው የሚለየው። ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ ሁለቱንም እናስነሳና እንያቸው። አባትሽንም ይዘሻቸው ነይ፣ የጌም መሪና ፔዳል አለኝ፣ ለእግራቸው ይሁን አይሁን ይታያል።»

አባቴን እንዴት ልውሰደው? ዋሸሁ። «የትምህርት ቤት ዕቃ ልገዛ ነው፣ እንዳያታልሉኝ አብረኸኝ ሁን» አልኩት። «እህ» አለ። በባጃጅ ወሰድኩት። ጠጋኙ ሱቅ ሲደርስ አንድ ወንበር ስቦ፣ ክራንቹን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኛንም አያይም፣ መንገዱንም አያይም። በዚያች ደቂቃ ተስፋዬ ሁሉ ተሟጦ አለቀ። ሶፋውን ብገዛ ይሻል ነበር አልኩ በሆዴ።

ግን ጀመርን። ጠጋኙ ቬንትሌተሩን ሆን ብሎ አጠፋው። ቀይዋን በቀኝ፣ ወፍራሟን በግራ አስቀመጠ፤ ሁለቱም ላይ ያንኑ የተሳቢ ጌም ከፍቶ፣ ከባድ ጭነት አስጭኖ ዳገት ላይ አወጣቸው። ወፍራሟን እሱ በመሪ ይነዳል፤ መሪው ከተዘጋ ጌም ቤት የገዛው፣ በፕላስተር የተጠቀለለ ነው። ቀይዋን እኔ በቁልፍ እነዳለሁ፤ መንዳት ከተባለ። የቆርቆሮው ሙቀት ከላይ ይወርዳል። ሁለቱም ማሽኖች ይጮሃሉ፤ ለእኔ ጆሮ ሁለቱም አንድ ጩኸት ናቸው። ቀይዋ ግን መንገዱን ጥርት አድርጋ ነው የምታሳየው፤ እሷን እንደምገዛ በልቤ ጨርሻለሁ።

«የቀኟን አጥፊያት።»

ዞር አልኩ። አባቴ ነው። ፊቱ አሁንም ግድግዳው ላይ ነው።

«ምን አልክ አባዬ?»

«የቀኟን አጥፊያት እኮ ነው የምልሽ። ታፍናለች። ራዲያተሯ ፈልቷል፣ አሁን ትቆማለች።»

ቀይዋን ይዛ መጥታ አጠገቤ የቆመችው ተማሪዬ «ኧረ ደህና ናት!» ብላ ሳትጨርስ የቀይዋ ስክሪን ጭልም አለ። መብራቷም ጠፋ።

«ሱብሃነላህ!» አለ ጠጋኙ። ገልብጦ ከፈታት። የማቀዝቀዣዋ አፍ በአቧራ ተደፍኗል። ማጽዳት ይቻላል አለ፤ ነገር ግን ሰውነቷ ቀጭን፣ የአየር መግቢያዋም ጠባብ ስለሆነ እዚህ ቆላ ውስጥ ሁሌም ትሰቃያለች። ተማሪዬ መጀመሪያ አኮረፈች፣ ቀጥሎ ሳቀች። እኔ ግን ስለ ማሽኑ ግድ አልነበረኝም። አባቴ በአንድ ትንፋሽ ይህን ያህል ከተናገረ ስንት ጊዜው ነው?

«የግራዋ ትጮሃለች፣ ግን ትተነፍሳለች» አለ። ጆሮውን ወደ እሷ ዘንበል አድርጎ፣ «ምን ጭናችሁባት ነው እንዲህ የምታቃስተው?»

«መኪና» አልኩት።

«መኪና?»

«ተሳቢ። ብረት ጭኖ ዳገት እየወጣ ነው።»

ወንበሩን አዞረው። በእጁ ግድግዳውን ገፍቶ፣ በአንድ እግሩ ተደግፎ፣ ከነወንበሩ ወደ እኛ ዞረ። ጠጋኙ ደንግጦ መሪውን ለቀቀው።

«ያዘው እንጂ!» ጮኸበት አባቴ። «ምነው እንዲህ የምታንገላታው? ኩርባው ውስጥ ሳትገባ ነው ፍጥነት የሚቀነሰው! ግራ ካሱ ላይ እንዲህ ብትነዳ ይኼኔ ገደል ውስጥ ነህ!»

ግራ ካሱ ከአላማጣ በላይ ያለው ጠመዝማዛ ዳገት ነው። አባቴ በደህናው ዘመን አዲስ መኪና ሲሰጡት፣ ጭኖ ግራ ካሱን ሳያወጣው አያመሰግነውም ነበር።

«እንግዲያስ ጋሼ፣ እርስዎ ያሳዩን» አለና ጠጋኙ ቦታውን ለቀቀለት።

አባቴ ተቀመጠ። ቀኝ እግሩን አንዱ ፔዳል ላይ አሳረፈ፣ ከዚያ ወደ ሁለተኛው አዛወረ፣ መለሰ። ጎንበስ ብሎ ሦስተኛውን ፈለገ።

«ፍሪሲዮኑ የት አለ?»

«የለውም አባዬ።»

የሱሪው እግር ተጣጥፎ የተሰፋበትን ቦታ አየው። «የለውም?»

«የለውም። ራሱ ነው የሚቀይረው።»

«ሰነፍ መኪና» አለ። ሲል ግን ከንፈሩ ጫፍ ላይ ፈገግታ አየሁ፣ በዓይኔ በብረቱ።

መጀመሪያ ከአጥር ጋር አላተማት፤ ከዚያ አንድ የቤት መኪና ገጨና ባለመኪናውን ሰደበው። ሦስተኛው ላይ ዳገቱን ወጣው። እኔ ላለቅስ ስል እሱ ጭራሽ ዋጋ ወደ መከራከር ገባ። ክዳኗ ተሰንጥቋል፣ ቁልፍ ጎድሏታል፣ ጩኸቷ ጎረቤት ያስነሳል እያለ ጠጋኙን ወጥሮ ያዘው። በመጨረሻ ጠጋኙ እጁን ዘርግቶ፣ «ይሁን ጋሼ፣ መሪውን ከነፔዳሉ መርቄልዎታለሁ» አለ። ለትምህርት ቤት ነው ያልኩትን አባቴ አላነሳብኝም። እኔም አላነሳሁበትም።

ቤት ስንደርስ እንደተለመደው መብራት የለም። ባትሪዋ ግን ሙሉ ነው። ትንሿን ጠረጴዛ ኒሟ ሥር አወጣሁለት። ማዘቅዘቅ የጀመረችው ፀሐይ ስክሪኑ ላይ አረፈችና ምንም አልታይ አለው፤ ወንበሩን ወዲህ ወዲያ ሲያደርግ ቆይቶ፣ ጥላ ሲያገኝ ፊቱ ወደ አስፋልቱ ዞሮ ነበር። እሱ ልብ አላለም። እኔ ግን ልብ ብያለሁ።

የሰፈሩ ባጃጅ ሾፌሮች አንድ በአንድ መጡ። ቆመው ያያሉ፣ ይመክራሉ፣ ይሰደባሉ። «እዚህ አገር በግ የለም እንዴ? ሰው የለም?» ይላል አባቴ እየነዳ። ከተማው መግቢያ ሲደርስ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል፣ «አንቺ ልጅ፣ ክላክሱ የትኛው ነው?» አለኝ።

ቁልፉን ጠቆምኩት።

ሁለቴ አጠር፣ አንዴ ረዘም አደረገው። የዚያች ወፍራም ማሽን ድምፅ ማጉያ ደግሞ የዋዛ አይደለም፤ ከግቢያችን አልፎ ተሰማ።

እናቴ ላፕቶፕ መግዛቴን እንኳ ገና አልሰማችም ነበር። በሩ ተከፈተ። ውኃና ማስታጠቢያ ይዛ፣ በቤት ልብሷ፣ አንዱ እግሯ ጫማ ሳይኖረው፣ ወደ አስፋልቱ እያየች ወጣች። መኪና የለም። ከዚያ ዛፉ ሥር የተሰበሰበውን ሰው አየች፣ መሃል ላይ የተቀመጠውን አየች፣ እንደያዘችው ቆመች። የባጃጅ ሾፌሮቹ መንገድ ለቀቁላት።

አባቴ ቀና አላለም። ተሳቢውን በጠባብ በር ወደ ኋላ እያስገባ ነው፤ ይህን ሾፌር የሆነ ያውቀዋል፣ በዚያን ጊዜ አይወራም።

«ቆዪማ፣ ጭነቴን ላራግፍ» አላት።

ቆየች። ተሳቢው ግራ ቀኝ ሳይነካ ገባ፣ ጭነቱ ወረደ፣ ሾፌሮቹ አጨበጨቡ። አባቴ መሪውን ለቆ ሁለት እጁን ዘረጋላት። እሷ አፈሰሰችለት፤ ዓይኗ ፊቱ ላይ ስለሆነ ግማሹ መሬት ላይ ፈሰሰ። እስኪጨርስ ጠበቀችና፣ «መንገዱ እንዴት ነበር?» አለችው።

«መንገዱስ ደህና ነው» አለ እጁን እያራገፈ፣ «ሰዉ ግን ሰላም አይልም» ብሎ ጀመረላት።