ለአባቴ የነገርኩት ሕመም

ቅርንፉድ ሲሸተኝ ዛሬም አንገቴን እደፋለሁ። ሌላው ሰው ሻይ ያምረው ይሆናል፤ እኔ ግን ሰበታ፣ አስፋልቱ ዳር ካለ ፎቅ ላይ የነበረ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ትዝ ይለኛል። ሐኪሟ ጥርሴ ውስጥ የምታደርገው መድኃኒት ሽታው ልክ እንደ ቅርንፉድ ነበር።

አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። የታች መንጋጋዬ ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ነሥቶኝ ከርሞ አባቴ ይዞኝ ሄደ። ወደ ተፍኪ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለ ወፍጮ ቤት ነበር የሚሠራው፤ ከሥራው ተነሥቶ ስለመጣ ቅንድቡ በዱቄት ነጥቶ ነበር። ሐኪሟ ራጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘርግታ አሳየችን። ጥርሱን መንቀል እንደማያስፈልግ፣ የታመመውን ነርቭ አውጥታ፣ ሥሩን አጽድታ እንደምትሞላው፣ ለዚህም ሦስት ጊዜ መመላለስ እንዳለብኝ ነገረችን። ሕመሙ ቶሎ ስለሚጠፋ ብዙ ሰው ድኛለሁ ብሎ እንደሚቀር፣ ኋላ ብሶበት እንደሚመጣም አስጠነቀቀችን። አባቴ እንደ ተማሪ ራሱን እየነቀነቀ ሰማት። ከዚያ ወጥቶ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጠ፤ ኩንታል ተሸክሞ የሚሮጥ ሰው መርፌ ማየት አይችልም ነበር።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ አላመመኝም። የማደንዘዣው መርፌ ድዴን ቆንጠጥ አደረገኝ፣ ከንፈሬ ደነዘዘ፣ ከዚያ በኋላ የመሣሪያው ጩኸትና አፌን ከፍቼ በመቆየቴ የመጣ የመንጋጋ ድካም ብቻ ነበር። እንዲያውም መሀል ላይ እንቅልፍ ሸለብ አድርጎኛል። ስወጣ ግን አባቴ ከወንበሩ ተስፈንጥሮ ተነሥቶ ፊቴን በሁለት እጁ ያዘ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም ነበርና፣ አትታዘቡኝ፣ ደስ አለኝ። ጉንጬን ይዤ አቃሰትኩ።

ቤት ስንደርስ ወሬው አደገ። ማደንዘዣው አልይዘኝ እንዳለ፣ መርፌው አጥንቴ ድረስ እንደዘለቀ፣ ነርቩ ሲሳብ እስከ እግር ጥፍሬ እንደተሰማኝ አወራሁ። እናቴ ዕቃ እጠቢ ማለቱን ተወችልኝ፤ አባቴ ከሥራ ሲመለስ የአቮካዶ ጁስ ይዞልኝ ይመጣ ጀመር። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀጠሮ ደግሞ ሌላ ሌላ ጨመርኩበት። እሱ እህል ሊያስፈጭ ለመጣው ሁሉ የልጁን ጀግንነት ሲያወራ ይውል ስለነበር፣ ባለወፍጮው መንገድ ላይ ሲያገኘኝ «አከም ጅርታ፣ ጀግናዋ!» እያለ ሰላም ይለኝ ነበር። እኔም ሳላፍር እቀበላለሁ።

በዓመቱ የአባቴ መንጋጋ ታመመ። በጨው ውኃ ይጉመጠመጣል፣ ማስታገሻ ይውጣል፣ ጉንጩን በጨርቅ አስሮ ሥራ ይገባል። እናቴ እዚያችው ሐኪም ዘንድ ሂድ ስትለው ነገ እያለ ያሳልፋታል። አንድ እሑድ ጠዋት በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቅን ሳለ፣ እናቴ እንዳትሰማው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀኝ።

«እውነት ያን ያህል ያማል?»

አይ፣ አያምም ብለው ያልቅ ነበር። ግን ዓመት ሙሉ የተወራልኝ ጀግንነት በአንዴ ውሸት ሊሆንብኝ ነው። የጠጣሁት ጁስ፣ ሳላጥብ የቀረሁት ዕቃ፣ የባለወፍጮው ሰላምታ ሁሉ ፊቴ ላይ መጣብኝ። ዓይኑን ሳላይ መለስኩለት።

«በጣም ያማል፣ አባዬ።»

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ በኋላ ስለ ሐኪም አላነሣም።

ሳምንታት እንዳለፉ አንገቱ አብጦ አፉ አልከፈት አለ፤ ምራቁን መዋጥ እንኳ አቃተው። አዲስ አበባ ሆስፒታል አስገባነው። አገጩ ሥር ቀደው መግሉን አወጡ፣ ሁለት መንጋጋዎቹን ነቀሉ። ሁለት ቀን ሙሉ ይተርፋል ብሎ የነገረን ሰው አልነበረም። ቀደም ብሎ ቢመጣ ኖሮ የጥርሱ ሥር ታክሞ እዚህ ሁሉ ባልተደረሰ ነበር ብሎ ሐኪሙ ለእናቴ ሲነግራት አጠገቧ ቆሜአለሁ። እሷም ብትለምነው ብትለምነው እምቢ እንዳላት ነገረችው። እኔ ጎንበስ ብዬ የአባቴን ብርድ ልብስ አስተካከልኩ።

አባቴ ተርፎ ወጣ። ግራ ጉንጩ ግን ጎደጎደ፤ ሲስቅ በእጁ ይሸፍነዋል። እኔ ተምሬ ጨረስኩ፣ ሥራ ያዝኩ፣ ቡራዩ ቤት ተከራይቼ ትዳር መሠረትኩ። እውነቱን ልነግረው ብዬ መጥቼ ሳልነግረው የተመለስኩበት ቀን ብዙ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ልጠይቀው ሰበታ ሄጄ ሳለ የጎረቤት ልጅ ጉንጯን ይዛ ገባች። ሐኪም ሩት ካናል፣ ያኔ ለእኔ የተደረገልኝ የጥርስ ሥር ሕክምና፣ ያስፈልግሻል ብሏት፣ ፈርታ እንቅልፍ አጥታለች። አባቴ ወደ እኔ እየጠቆመ፣ የእኔ ልጅ ያለፈችበት ነው፣ እሷን ጠይቂያት አላት። ልጅቷ ዓይኗን ተከለችብኝ። እሱም ያየኛል።

«አያምም» አልኳት። መርፌው ቆንጠጥ እንደሚያደርጋት፣ ከዚያ መደንዘዝ ብቻ እንደሆነ፣ ከተሰማት እጇን ብታነሣ ማደንዘዣ እንደሚጨምሩላት ነገርኳት። አንድ ሁለት ቀን ስታኝክ ሊጠዘጥዛት ይችላል፤ ቢሻላትም ቀጠሮውን ሳትጨርስ እንዳትቀር። ከዚያ ጨመርኩ። «እኔን ምንም አላመመኝም። እንዲያውም እንቅልፍ ሸለብ አድርጎኝ ነበር።»

አባቴን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። እሱ ወደ ልጅቷ ዞረ።

«ሰማሽ አይደል? ሰኞ ሂጂ» አላት። «ልጄ ያኔ ለእኔም ይህንኑ ነው የነገረችኝ። ፈርቼ የቀረሁት እኔ ነኝ።»

ልጅቷ አመስግና ወጣች። ሁለታችን ብቻ ቀረን። ይቅርታ ልለው አፌን ስከፍት፣ ምሳ ሳልበላ እንዳልሄድ ነገረኝ።