ሁለተኛው ምላጭ

ከጀርባዋ «ሲስተር ቀይሩ» ይሏታል። በአጥንት ቀዶ ጥገና ክፍል መሣሪያ ማቀበል ከጀመረች ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ቆዳ የሰነጠቀ ምላጭ ወደ አጥንት ሲወርድ አይታ አንድም ቀን «ቀይሩ!» ሳትል ቀርታ አታውቅም። ቆዳ የቱንም ያህል ቢታጠብ ጀርም ውስጡ ተደብቆ ይቀራል፣ ምላጩም ይዞት ይወርዳል ባይ ናት። በዚህ የተነሳ ያላስለቀሰችው ተለማማጅ፣ ያልተኮራረፈችው ሐኪም የለም። አፏ እንደ እጇ ንጹሕ ቢሆን ኖሮ መልአክ በሆነች!

የእናቷ ዳሌ በተሰበረ ጊዜ፣ የቤተሰብ ቀዶ ጥገና ላይ አይገባም ቢሏት አሻፈረኝ አለች።

«እናቴን ለማን እጅ ልስጣት?» ብላ ታጥባ ገባች።

ሐኪሙ የእናቷን ቆዳ ሲሰነጥቅ ዓይኗ ሳታዝዘው ወደ ግድግዳው ሸሸ። ከዚያ በኋላ ምላጭ ሲላት፣ ሰንጥቆ የመለሰላትን፣ በእጇ ያለውን አቀበለችው። በተሰበረው አጥንት ምትክ ብረቱ ሊገባ ጥቂት ሲቀር ጠረጴዛዋን አየች። ለአጥንቱ የተዘጋጀው ሁለተኛው ምላጭ ደም ሳይነካው ቁጭ ብሏል። ያየ ሰው የለም፤ ዝም ብትል ስሟ እንደተከበረ ይቀራል። ብረቱ ላይ ጀርም ከሰፈረ ግን እናቷ ዳግም ላይራመዱ ይችላሉ።

«ዶክተር፣ ብረቱን እንዳያስገቡ! ምላጩን አልቀየርኩትም።»

ሐኪሙ ቀና አለ። «አንቺ?»

«እኔ።»

አልተቆጣትም። ቢቆጣት ይሻላት ነበር። ቁስሉ ደጋግሞ ታጠበ፤ ጓንቱም መሣሪያውም ተለወጠ፤ እሷም ሌላ ሰው ይተካኝ ብላ ወጣች።

እናቷን ቤቷ ወስዳ ማስታመም ያዘች። ትኩሳት ትለካለች፣ ፋሻ ትፈታለች፣ ታሸታለች። ቁስሉ ዳር ትንሽ በቀላ ቁጥር ነፍሷ ልትወጣ ትደርሳለች። እህል አልበላ፣ እንቅልፍ አልወስድ አላት።

በአሥራ ስድስተኛው ቀን ቁስሉ ደርቆ አገኘችው። ፋሻውን መልሳ ልትጠቀልል ስትል እናቷ እጇን ያዙ።

«ልጄ፣ እግሬን በቀን አሥር ጊዜ ታያለሽ። ፊቴን ካየሽ ግን ስንት ቀንሽ?»

ቀና ማለት አቃታት። «እማዬ፣ ያን ቀን... ምላጩን...» ብላ እንባዋ ቀደማት።

«ዶክተሩ በማግስቱ ነግሮኛል» አሉ እናቷ፣ እጇን ሳይለቁ። «እግሬስ ተሽሎታል። እኔን ያመመኝ፣ ዛሬ ትነግረኛለች፣ ነገ ትነግረኛለች እያልኩ መጠበቁ ነው።»