የመቆፈር ተራዬ

ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የማዳበሪያ መጋዘን ነበር። ሽታው ከሲሚንቶው አልለቀቀም፤ ዓይን ያቃጥላል። ቀድሞኝ የገባ አንድ የሐይቅ ዓሣ አስጋሪ ጥግ ላይ ተቀምጦ፣ «አብሽር፣ ይለመዳል» አለኝ። እኔ ግን አልለመድሁትም።

ጥፋታችን ከጦርነቱ ሸሽተው የመጡ ሰዎችን ማብላት ነው። ቅሬያችን፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ የሚቀብርበት ማኅበር፣ ተሰብስቦ ተፈናቃዮቹን በየቤቱ ተካፈለ። ማንንም አላስፈቀደም። መርማሪው ይህ አልገባ አለው።

«አለቃችሁ ማነው?»

«የለንም። ሁሉን ተሰብስበን ነው የምንጨርሰው።»

«መጀመሪያ ‹እናብላ› ያለው ማነው?»

«ጌታው፣ የኛን ስብሰባ አላዩም እንጂ፣ ሁሉም እኩል ነው የሚጮኸው።»

«ስም ስትጠራ ትፈታለህ» ብሎኝ ሄደ።

አንድ ረፋድ ባለቤቴ ምሳ ይዛ መጣችና ጎረቤታችን ሽማግሌው፣ ቁርአን መቅራት ያስተማሩኝ ሰው፣ መሞታቸውን ነገረችኝ። «ከዙሁር ሶላት በኋላ ይቀበራሉ። የመቆፈር ተራው ያንተ ነበር» አለች። የቅሬው ሽማግሌዎችም ተከትለዋት መጥተው በር ላይ መርማሪውን ሲለምኑ ይሰማኛል።

«ልጄ፣ ለቀብሩ ብቻ ስጠን። ቆፍሮ ሲጨርስ ራሳችን እንመልስልሃለን።»

«ማነው የላካችሁ?»

«ቅሬው።»

ተናዶ ወደ እኔ መጣ። «ስሙን ንገረኝና አሁኑኑ ሂድ፤ ቅበር።»

መጀመሪያ «እናብላ» ያሉት ሟቹ ራሳቸው ነበሩ። ይህን ለዓሣ አስጋሪው አጫውቼው ስለነበር፣ «እሳቸውን እንደሁ ከእንግዲህ ማን ያስራቸዋል? ጥራቸውና ውጣ» አለኝ በሹክሹክታ።

ስማቸው ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ብጠራው ጀናዛው ሳይወጣ ቤታቸው ይበረበራል። ደግሞስ ተናገሩ እንጂ መች አዘዙ? ጮኸንባቸው፣ ተከራከርናቸው፣ ኋላ ነው የተስማማነው።

«ቅሬው ነው» አልሁ። በሩ ተዘጋብኝ።

ዙሁር አልፎ የቀብሩ ሰዓት ሲደርስ ተነስቼ ለጀናዛው ሰገድሁ። ዓሣ አስጋሪው ኮፍያውን አውልቆ አጠገቤ ቆመ። ጠባቂው «ቁጭ በሉ!» ብሎ ጮኸ። ጨርሰን ተቀመጥን።

ኋላ ያለ አንዳች ማብራሪያ ለቀቁኝ። ቅሬው ደግሞ መታሰር ከቀብር ለመቅረት ሰበብ ይሆናል አይሆንም እያለ ሲጨቃጨቅ ዋለ። አይሆንም ተባለ፤ የሚቀጥለውን መቃብር እንድቆፍር ተፈረደብኝ። ወላሂ፣ ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል። ያ መርማሪ የሚፈልገው አለቃ ቢኖረን ኖሮ ይምረኝ ነበር!

ቢሆንም አካፋዬን ይዤ ወጣሁ። የተሰጠኝ ቦታ ከሽማግሌው መቃብር አጠገብ ነበርና፣ አፈሩን ወደ ሌላው ወገን እየጣልሁ ቆፈርሁ።