በተቃጠለ ቤት መቅናት

ሥራዬ የሰው ቤት መገመት ነው። መንገድ ሲያልፍበት፣ ባንክ ሲይዘው፣ ወራሾች ሲካፈሉት ሜትሬን ይዤ እሄዳለሁ። ግድግዳውን እለካለሁ፣ ጣሪያውን አያለሁ፣ መሠረቱን እነካካለሁ፤ ከዚያ ይህ ቤት ይህን ያህል ያወጣል ብዬ እፈርማለሁ። ፈቃዴን ያገኘሁት ለውጥ መጣ በተባለበት ሰሞን ነው። ያኔ የተዘጋ በር ሁሉ የሚከፈት ይመስል ነበር። በየክልሉ እየተመዘገብን መሥራት ስለምንችል፣ ከሐይቅ ከተማ ተነሥቼ አፋርም ኦሮሚያም እሠራለሁ ብዬ ልቤ አበጠ።

ፈቃዱን ግን ብቻዬን አላገኘሁትም። አንዲት የውጫሌ ልጅ አብራኝ ሠልጥናለች። ደሴ አንድ ክፍል ተከራይተን ኖረን፣ አብረን ተፈተንን፣ በኋላም አንድ ቢሮ ተቀጠርን። በፈተናው እኔ እበልጣት ነበር። ይህን የምጽፈው ማንም ስላልጠየቀኝ ነው፤ ያኔም ማንም አልጠየቀኝም።

የመጀመሪያው ትልቅ ሥራችን ከሐይቅ ወደ ጭፍራ በሚወርደው አቅጣጫ፣ አፋር ክልል ውስጥ ነበር። መንገድ ሊሠራ ስለሆነ፣ ለሚነሡት ቤቶች፣ አጥሮችና የውኃ ጉድጓዶች የካሳ ግምት እንድናቀርብ ተላክን። እኔ ከመኪና እንደወረድኩ ሜትሬን ዘረጋሁ። እሷ ዛፍ ሥር ወደተቀመጡት ሽማግሌዎች ሄዳ ቁጭ አለች። አባቷ በደህናው ጊዜ የግመል ነጋዴ ስለነበሩ፣ ልጅ ሆና ከእሳቸው ጋር ገበያ ስትወርድ አፋርኛ ለምዳለች። ሽማግሌዎቹ ወሬ ጠየቋት። ዝናብ የት እንደጣለ፣ የከብት ገበያ እንዴት እንደዋለ፣ ማን እንደታመመ አንድ በአንድ ነገረቻቸው። እዚያ አገር እንግዳ የያዘውን ወሬ ሳያካፍል ሥራ አይጀምርም። ይህን እኔም አንብቤ አውቅ ነበር፤ ፀሐዩ ሳይበረታ ልጨርስ ብዬ ነው።

ከቤቶቹ ጀርባ ድንጋይ የተከመረበት መቃብር አለ። በመንገዱ መስመር ላይ ስለወደቀ የማንሻውን ወጪ መገመት ነበረብኝ። ጢማቸውን በሂና ያቀሉ አንድ ሽማግሌ የእኛ ነው አሉ። ጠጋ ብዬ፣

"አባ፣ ይሄን ለማንሣት ስንት ሰው ያስፈልጋል?" አልኳቸው።

አዩኝ፤ ተነሥተው ሄዱ። ሌሎቹም ተከተሏቸው። ሥራው በዚያው ቆመ።

ከሰዓት በኋላ እሷ ሄዳ ስታናግራቸው ቆየች። ስትመለስ "መቃብሩን አንገምተውም" አለችኝ።

"እንዴት አንገምተውም? መስመሩ ላይ ነው እኮ።"

"መስመሩ ዞር ይበል ብለን እንጽፋለን። አባታቸው ናቸው የተቀበሩት። ዋጋ አይወጣለትም።"

"ዋጋ የማይወጣለት ነገር የለም። የተማርነው እንደዚያ ነው።"

"እንግዲያው አንቺ ጻፊው፤ እኔ አልፈርምም" አለች፣ ፈገግ ብላ። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

መሐንዲሶቹ መስመሩን ትንሽ ወደ ጎን አደረጉት። ሽማግሌው ራሳቸው መጥተው የቤታቸውን ቋሚ ሳይቀር አሳዩን። ከዚያ ወዲህ በዚያ አካባቢ ስሟ "መንገድ ያስዞረችው" ሆነ። እኔ "አብራት ያለችው" ነበርኩ።

ቅናት ማለት በባል የሚቀናው ብቻ ይመስለኝ ነበር። የእኔ እንደ ቃር ነው፤ ድንገት ከሆዴ ተነሥቶ ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል። ከሚሴ ስንሠራ እንኳን አልተወኝም። እኔ ገንዘብ ከፍዬ ኦሮምኛ ተምሬ ነበር። እሷ ከገበያ የለቃቀመችውን እየሰባበረች ታወራለች። ሴቶቹ እሷን እያረሙ፣ ትከሻዋን እየመቱ ይስቃሉ፤ እኔን "ጎበዝ፣ ጥሩ ትናገሪያለሽ" ይሉኝና ዝም። እናቴ ሳትቀር፣ ሐይቅ ቤት ስገባ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ "ያቺ ልጅ ደህና ናት? ለምን ይዘሻት አልመጣሽም?" ትለኛለች። አንድ ቀን፣

"እማዬ፣ ልጅሽ እኔ ነኝ እኮ!" አልኳት።

"ታዲያ ማን አይደለሽም አለሽ?" አለችኝ፣ በእውነት ግራ ገብቷት።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። መጀመሪያ በሬዲዮ፣ ቀጥሎ በመርሳ በኩል ፍራሽ ተሸክመው በሚመጡ ሰዎች፣ በመጨረሻም በከባድ መሣሪያ ድምፅ ደረሰን። እኔ ባሌንና እናቴን ይዤ ወደ ደሴ፣ ከደሴም ወደ ደብረ ብርሃን ሸሸሁ። እሷ ከውጫሌ አልወጣችም፤ አባቷ አልጋ ላይ ነበሩ። ስልክ ተቋረጠ። በተጠለልንበት ትምህርት ቤት ከወሎ የሚመጣውን ሁሉ "ውጫሌን አልፈህ ነው የመጣኸው?" እያልኩ እጠይቅ ነበር። ስለ እሷ ክፉኛ ፈርቻለሁ። በዚያ ጊዜ ቃሩ አልተሰማኝም።

ስንመለስ የሐይቁ ቤታችን ቆሟል። በሩ ተገንጥሏል፣ ቴሌቪዥኑና ፍራሾቹ የሉም፤ ጣሪያና ግድግዳው ግን ደህና ነበር። የእሷን ቤት መድፍ መትቶት ተቃጥሏል። አባቷን ጎረቤቶች ከነአልጋቸው ተሸክመው አውጥተው አትርፈዋቸዋል።

ብዙም ሳይቆይ ቢሯችን በጦርነቱ የተጎዱ ቤቶችን ለካሳ ገምቱ ተባለ። ገማች የራሱን ቤት አይገምትም። አለቃችን ቤቷን ማን እንዲገምትላት እንደምትፈልግ ሲጠይቃት "እሷ ትምጣልኝ" ብላ እኔን አስጠራችኝ።

ውጫሌ የደረስኩት ጠዋት ነው። ቆርቆሮው ተጨማዶ ወለሉ ላይ ወድቋል። ከሳሎኑ የቀረው አንድ ግድግዳ ነው። አባቷ ጎረቤት በረንዳ ላይ ብርድ ልብስ ለብሰው ተቀምጠው "መጣሽ ልጄ፣ አፉ በሉን፣ የምናስቀምጥበት የለም" አሉኝ። ሜትሩን ስዘረጋ እሷ ሌላውን ጫፍ ያዘችልኝ። ጥቂት ሄደን ጠየቅኋት።

"ለምን እኔን አልሽ?"

"አንቺ ስለማታዝኚልኝ።"

"ምን ማለትሽ ነው?"

"ሌላው አዝኖ ይጨምርልኛል። ነገ የጎረቤቶቼ ሲገመት 'ለእሷ ለባልደረባዋ ተጨመረላት' ይባላል። አንቺ አትጨምሪም። ኩራትሽ ደግሞ አያስጎድልሽም።"

"በምን አወቅሽ?"

"ወላሂ፣ ከጭፍራ ጀምሮ እኮ ነው የምትቀኚብኝ" አለች፣ ዓይኗን ከሜትሩ ሳታነሣ። "አብሽሪ፤ እኔ ተቀይሜሽ አላውቅም።"

ቁጥሩን ጮክ ብዬ አነበብኩ።

ጓዳው ላይ ተጨቃጨቅን። በሲሚንቶ የተገነባ ነው አለች። ፍርስራሹን በእጄ ሰበርኩት፤ ሲሚንቶው የላይ ልስን ብቻ ነው፣ ውስጡ ጭቃ። ጭቃ ብዬ ጻፍኩ። ከንፈሯን ነከሰች፤ አባቷን ዞር ብላ አየች፤ ከዚያ ፈረመች።

ይህን ሁሉ ስንሠራ ሰው መምጣት ጀመረ። ጅጊ፣ ደቦ መሆኑ ነው፤ ለእሷ ቤት አገሩ ተጠራርቷል። ከመስጊድ የወጡ አዛውንቶች ድንጋይ ይደረድራሉ፣ ከገብርኤል በኩል ያሉት ባሕር ዛፍ በትከሻቸው አምጥተዋል። ረፋድ ላይ አንድ አይሱዙ ቆመና ሾፌሩ ፍየሎች አወረደ፤ ጢማቸውን ሂና የሚቀቡት የአፋሩ ሽማግሌ የላኳቸው ናቸው። የእነሱም አገር ጦርነት ደርሶበት ነበር፤ እንዲያም ሆኖ ላኩ።

እዚያ ቆሜ፣ ልብሴ ጥላሸት ብቻ ሆኖ፣ ቀናሁ። የሐይቁ ቤቴ ከነጣሪያው ቆሞልኝ፣ በተቃጠለ ቤት ቀናሁ። የእኔ ቢነድ ማን ይመጣል ብዬ አሰብኩ። ባሌ፣ እናቴ፣ ምናልባት ሁለት ጎረቤት። ሌላ ፊት ሊመጣልኝ አልቻለም።

ሥራዬን ጨርሻለሁና መሄድ እችል ነበር። ጭቃ የሚያቦኩ ሴቶች መንገዴ ላይ ነበሩ። አንዷ ቀና ብላ "አንቺ ደሞ የማን ነሽ?" አለችኝ።

"ገማቿ ነኝ።"

"ኤዲያ! ዛሬ የሚገመት የለም። ጀሪካኑን አንሺና ውኃ አምጪልን።"

ሜትሬን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ጀሪካኑን አነሣሁ። ቀኑን ሙሉ ውኃ ቀዳሁ፣ ጭድ በተንኩ፣ ጭቃ ረገጥኩ። ቀኑን ሙሉም ቀናሁ። አንዱ ሌላውን አላስቆመውም። ሲመሻሽ ሴቶቹ እየተነቋቆሩ እኔንም ጨመሩኝ፤ አረጋገጤን "የቢሮ አረጋገጥ" አሉት። ጭቃ በጭቃ ሆኜ ሚኒባስ ውስጥ ስገባ ረዳቱ ወንበሩ ላይ ጋዜጣ አነጠፈልኝ። በሳምንቱ፣ ማንም ሳይጠራኝ፣ ተመልሼ ሄድኩ።

ካሳው ገና ሳይመጣ ቤቱ በሰው እጅ ቆመ። አባቷ ገብተውበት አንድ ክረምት ኖሩና አረፉ። ከቀብሩ በኋላ እሷ ሰመራ ሥራ አግኝታ ሄደች፤ አሁን ገማቾችን የምታሠለጥነው እሷ ናት። እኔ በአርዲቦ ሐይቅ ዙሪያ ያሉትን ቀበሌዎች እዞራለሁ። ባለፈው የክፍል ኃላፊ ሆነች ሲሉኝ ያ ቃር ተነሣብኝ። እስኪያልፍልኝ ሳልጠብቅ ደወልኩላት።

"እንኳን ደስ አለሽ፤ በጣም ነው ደስ ያለኝ" አልኳት።

"ውሸታም!" አለችኝ። ከዚያ ሁለታችንም ስልኩን ይዘን መናገር እስኪያቅተን ሳቅን።