አዲሱ ራም እና የለታይ ሰርግ

ኮምፒውተሬ ዛሬ ለአምስተኛ ጊዜ በሰማያዊ ስክሪን ቀጥ ሲል ጭንቅላቴን ይዤ ቁጭ አልኩ።

የጎረቤቴን የለታይን የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት እያደረግኩ ነበር። እናቷ ታመው ሰርጉን አላዩም። እሷ ደግሞ ነገ ጠዋት ወደ ባሏ አገር ትበራለች፤ እናትና ልጅ አብረው ማየት የሚችሉት ዛሬ ብቻ ነው።

እንዲፈጥንልኝ ብዬ ትናንት የኮምፒውተሩን ሜሞሪ፣ ራም አስጨምሬ ነበር። ፈጥኗል፤ አጠፋፉ ማለቴ ነው።

ሓወልቲ ሰፈር ያለው ኮምፒውተር ጠጋኝ ጋ ስደውል፣ «ሓወይ፣ ወንድሜ፣ አዲሱ ራም ከአሮጌው ጋር አልተስማማም፤ አውጣው» አለኝ።

ኮምፒውተሩን ከፍቼ ነቀልኩት። መጥፋቱን ተወ፤ ግን ይንፏቀቃል።

አመሻሹ ላይ ለታይ መጥታ፣ «ያለቀውን ስጠኝ፣ እናቴን እየደከማት ነው» አለችኝ። እያፈርኩ ግማሹን በፍላሽ ሰጠኋት።

አሁን በግድግዳው በኩል የእናቷ ደካማ እልልታ ይሰማኛል። ሌላውን ግማሽ አብረው ሳያዩ ሊለያዩ ነው።

ራም አስጨምራችሁ እንዲህ ጉድ የሆናችሁ፣ እስኪ ንገሩኝ፤ እናንተስ ምን አደረጋችሁ?