ወደ ግራ የሚጋደም ክር

እኔ በጥበቃ ወደምሠራበት ሙዚየም ሐሙስ ሐሙስ የሚመጡ አንድ አዛውንት ልብስ ሰፊ አሉ። ሜትራቸውን ከአንገታቸው ማውለቅ ሁሌም ይረሳሉ። የጄኔራሎቹን ሜዳሊያም ሆነ መድፉን ዘወር ብለው አያዩም፤ በቀጥታ አዳራሹ መሃል በቆመው ሰሌዳ ላይ ወደተሰቀለው ትልቅ ፎቶ ይሄዳሉ። ዘማቾች ባቡር ሲሳፈሩ የተነሳ ነው። እሳቸው የሚያዩት ግን ጀርባውን የሰጠ አንድ ወታደር ብቻ ነው።

"አያቴ ነው" ይላሉ ለጠየቃቸው ሁሉ።

"አባባ፣ ፊቱ እኮ አይታይም፤ በምን አወቁት?" አልኳቸው አንድ ቀን።

"በትከሻው ነዋ!" አሉ ቆጣ ብለው። "ኮቱን የጣፈችለት ሴት አያቴ ናት። ግራኝ ስለነበረች ክሯ ወደ ግራ ነው የሚጋደመው። እኔንም ስፌት ያስተማረችኝ እሷ ናት፤ በቀኝ እጄ እየሰፋሁ እንኳ ክሬ እንደሷ ይጋደማል። የሸኘችው እናቴን አርግዛ ነው። ጦርነቱ አለቀ ተብሎ ከተማው ሲጨፍር፣ እሷ ቤት ገና አላለቀም ነበር።"

ባለፈው ሐሙስ ሰሌዳውን ዞረው ከበስተኋላው ሲያዩ ደረስኩባቸው። ከኋላው ባዶ ጣውላ ነው። ሳቄ መጣ።

"ምን ጠፋብዎት አባባ?"

ሐፈር አሉና የሜትራቸውን ጫፍ በጣታቸው ላይ ጠቀለሉት።

"ዕድሜ ልኬን ሲሄድ ነው ያየሁት፣ ልጄ። አንድ ቀን እንኳ ሲመጣ ልየው ብዬ ነው።"